ስንቁን ይዞ የሚጓዝ ፕሮግራም፦ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ስለሚሠራ የድረ ገጽ ሰርቨር



አንድ ተማሪ ለመመረቂያው የሠራውን የድረ ገጽ ሥርዓት ለፈታኞቹ ሊያሳይ ከኮምፒውተር ቤተ ሙከራው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል እንበል። ፋይሎቹን አንድም ሳያስቀር በፍላሽ ዲስክ ገልብጧል። ይሁን እንጂ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ አልነሣ ይለዋል። ተማሪው «በቤተ ሙከራው ይሠራ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። መጠየቅ ያለበት ግን በዚያ ሲሠራ ከኮምፒውተሩ ምን ምን ይበደር እንደነበር ነው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥም ይኸው ነው። ፕሮግራምን ተጓጓዥ የሚያደርገው የተቀመጠበት ዲስክ አይደለም፤ ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ሳይታወቅ የሚበደረውን ለይቶ በስንቅነት መያዝ ነው።

አስቀድመን ከስንቁ ዋና ዋናውን እንመልከት። እንደ ፓይተንና ፒኤችፒ ያሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች የተጻፈውን ትእዛዝ አንብቦ የሚፈጽም ተርጓሚ ፕሮግራም ይሻሉ። ተርጓሚው ራሱ የፋይሎች ስብስብ በመሆኑ በዲስክ ሊያዝ ይችላል። ፓይተን ከእትም 3.5 ጀምሮ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ፣ በዚፕ የታሸገና መጫን የማያስፈልገው ቅጂ አለው። ከፓይተን ጋር ፋይሎችን ለብሮውዘር የሚያቀርብ ትንሽ ሰርቨር አብሮ ይመጣል። ፒኤችፒም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው እትም 5.4 ጀምሮ ተመሳሳይ ሰርቨር አለው። ስለዚህ ለልምምድና ለማሳያ ያህል እንደ አፓቼ ያለ ሙሉ ሰርቨር መያዝ ግድ አይሆንም። ለመረጃ ቋት ኤስኪውላይት ይመቻል፤ መረጃውን በሙሉ በአንድ ፋይል ያኖራል፣ የራሱ የሆነ ሰርቨርም አይሻም። እዚህ ላይ አንድ ወሰን ልብ ይሏል። ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ተርጓሚ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ሁለቱንም የሚጎበኝ ሰው ለሁለቱም መሰነቅ አለበት።

አሁን ወደ ስውር ብድሮቹ እንለፍ። የመጀመሪያው የፋይል አድራሻ ነው። ዊንዶውስ ለፍላሽ ዲስክ የሚሰጠው ፊደል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይለያያል፤ በአንዱ «ኢ» የተባለው በሌላው «ጂ» ሊባል ይችላል። በፕሮግራሙ ውስጥ ፊደሉ ከነሙሉ አድራሻው ተጽፎ ከሆነ ፋይሉ በዲስኩ ላይ እያለ «አልተገኘም» ይባላል። ድንኳን ይዞ የሚጓዝ ሰው ዕቃውን «ከምሰሶው በስተቀኝ» እያለ ያስታውሳል እንጂ ድንኳኑ በተተከለበት መንደር ስም አይጠራውም። ፕሮግራሙም እንዲሁ የማናቸውንም ፋይል አድራሻ እርሱ ራሱ ካለበት ፎልደር ተነሥቶ ማስላት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ፖርት ነው። የድረ ገጽ ሰርቨር በተለመደው አሠራር በፖርት 80 ይገለገላል፤ ነገር ግን በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል። በሊኑክስ ደግሞ ከ1024 በታች ያሉት ፖርቶች በተለምዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ 8000ን ወይም 8080ን መምረጥ፣ የተመረጠው ተይዞ ሲገኝም በቀላሉ ሌላ መተካት እንዲቻል ቁጥሩን በአንድ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ማኖር ይበጃል።

ሦስተኛው በተለይ እኛን ይመለከታል፤ ይኸውም የፊደል ኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተካቷል። በአማርኛ የምንገለገልባቸው ፊደላት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። ሆኖም ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎችን ኮድ በነባሪነት ይዘው ይገኛሉ። ኮዱ ሳይገለጽ ፋይል እንዲከፍት የታዘዘ ፕሮግራም ይህንኑ የአስተናጋጁን ኮድ ሊዋስ ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደማይነበቡ ምልክቶች ይበታተናል፤ አለዚያም ፕሮግራሙ ስሕተት አስታውቆ ይቆማል። መፍትሔው ፋይል በሚከፈትበት ስፍራ ሁሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን መጻፍ፣ በድረ ገጹም ራስጌ ማወጅ ነው። ከእትም 3.7 ወዲህ ፓይተንን ሲያስነሡ በዩቲኤፍ 8 ብቻ እንዲሠራ ማዘዝም ይቻላል።

አራተኛው ጉዳይ የዲስኩ ጠባይ ነው። የፍላሽ ሕዋሳት የሚጻፍባቸው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ በየሰከንዱ መዝገብ የሚጽፍ ፕሮግራም ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። በፋት32 የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ከሁሉ የከፋው ግን ዲስኩን በችኮላ መንቀል ነው። ተጽፏል የተባለ መረጃ ገና በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ሳለ ዲስኩ ቢነቀል፣ የመረጃ ቋቱ ሊበላሽና የወራት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል። በቅድሚያ ሰርቨሩን ማቆም፣ ቀጥሎ ዲስኩን በሥርዓት ማስወጣት፣ ቅጂውንም ዘወትር በሌላ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል።

እንግዳ የራሱ ሥነ ምግባር አለው። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ትንሽ ሰርቨር ሌላ ካልታዘዘ በቀር በኮምፒውተሩ የአውታረ መረብ አድራሻዎች ሁሉ ያዳምጣል። ይህም ማለት፣ ኬላ ካልከለከለው፣ በዚያው አውታረ መረብ ላይ ያለ ማንም ሰው ፎልደራችሁን ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። በ127.0.0.1 ብቻ እንዲያዳምጥ ካዘዛችሁት ግን ከዚያው ኮምፒውተር በቀር ማንም አያየውም። እንዲህ ያለው ሰርቨር ለልምምድ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳልተሠራም አዘጋጆቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። በተጨማሪም ያለ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መሥራት መቻል ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ የቤተ ሙከራውን ደንብ ማክበር ግዴታችን ነው።

በመጨረሻም አንድ ፈተና ልጠቁማችሁ። ዲስካችሁን ፓይተንም ሆነ ፒኤችፒ ተጭኖበት ወደማያውቅ ኮምፒውተር ውሰዱ፤ የኢንተርኔቱን መስመር አቋርጡ፤ ከዚያም ፕሮግራሙን አስነሡ። ካልተነሣ፣ የወደቀበት ስፍራ ያልተመዘገበ ብድር ያለበት ነው፤ መዝግቡት፣ ስንቁንም አሟሉ። ይህ ልማድ ከፍላሽ ዲስክ የሚያልፍ ጥቅም አለው። አንድ የምርምር ውጤት በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ኮምፒውተር ተደግሞ ካልታየ ሊታመን አይችልም። በየትኛው እትም፣ በየትኛው ኮድ፣ በየትኞቹ ፋይሎች እንደተሠራ አሟልቶ የያዘ ተማሪ ሥራውን ለፈታኞቹ ማሳየት ብቻ ሳይሆን ለተከታዩ ተመራማሪም ማስረከብ ይችላል።