የሰርቨር ፕሮግራሞችን በወቅቱ ስለ ማደስ

የመሥሪያ ቤት መዝገብ ሰርቨር በሚባለው ኮምፒዩተር ከተቀመጠ ወዲህ፥ መዝገብን መጠበቅ ማለት በሩን መቈለፍ ብቻ ሳይሆን፥ ያረጀውን ቍልፍ በጊዜው መለወጥም ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አፕሪል 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ስሕተት መኖሩ ተገለጠ፤ ማረሚያውም በዚያው ቀን ወጣ። ነገር ግን ማረሚያው በየሰርቨሩ እስኪገባ ድረስ አጥቂዎች አልተኙም። በካናዳ የገቢ መሥሪያ ቤት በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የ900 ያህል ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቍጥር ተወሰደ።

በኡቡንቱ በሚሠራ ሰርቨር እድሳቱ ሦስት ደረጃ አለው። «አፕት አፕዴት» የተባለው ትእዛዝ የአዳዲሶቹን ፓኬጆች ዝርዝር ብቻ ያመጣል። «አፕት አፕግሬድ» ፓኬጆቹን ያስገባል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የተነሣው አሮጌ ፕሮግራም ከነስሕተቱ መሥራቱን ስለሚቀጥል፥ አገልግሎቱን አቁሞ እንደ ገና ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ከርነል የተባለው የሥርዐቱ እምብርት ሲታደስ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሥራ ለጥቂት ደቂቃ ይቋረጣልና። ስለዚህ አለቆች የታወቀ ቀንና ሰዓት ይፍቀዱ፤ የመዝገቡ ቅጂ አስቀድሞ ይያዝ፤ ኀላፊውም በስም ይመደብ። የሚጠበቀው የሕዝብ ዐደራ ነውና።