ረቂቁ የጽጌ ብናኝ በኢይዝራኤል ሸለቆ

ከአፉላ ከተማ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ፣ በሞሬ ኮረብታ ግርጌ ሱላም የምትባል መንደር ትገኛለች፤ ይህችም መንደር በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የምናውቃት ጥንታዊቱ ሱነም እንደ ሆነች ሊቃውንት ይናገራሉ። ለነቢዩ ለኤልሳዕ ማረፊያ ያዘጋጀችለት ሱነማዊት ሴት በጸሎቱ ያገኘችው ብላቴና፣ በመከር ወራት አባቱና አጫጆቹ ወዳሉበት እርሻ ወጥቶ ሳለ ራሱን ታመመ፤ ወደ እናቱም ተወስዶ በቀትር ጊዜ በጕልበቷ ላይ ሞተ፤ ነቢዩ ከቀርሜሎስ መጥቶ በጸለየለት ጊዜ ግን ነፍሱ የመመለሷ ምልክት ሰባት ጊዜ ማነጠሱ ነበር። የኛ አገር እናት በዚያ ብትገኝ ኖሮ «ልጄን ምች መታብኝ» ብላ ዳማከሴ ፍለጋ ወደ ጓሮ በሮጠች ነበር። ይህን ታሪክ የማነሣው ለብላቴናው ሕመም ከብዙ ዘመን በኋላ የሐኪም ስም ላወጣለት አስቤ አይደለም፤ ተአምርን በመድኃኒት ቤት ሚዛን መመዘን ድፍረት ነውና። ነገር ግን በዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ወራት፣ ዛሬም ሰባት ጊዜና ከዚያም በላይ የሚያነጥሱ ብዙዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል አያሌዎቹ በአማርኛ የሚያስቡ፣ በአማርኛ የሚያቃስቱ ወገኖቻችን ስለ ሆኑ፣ የሕመማቸውን ምክንያት በገዛ ቋንቋቸው መተንተን ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አፉላ በ1925 እ.ኤ.አ. በባቡር ጣቢያ አጠገብ የተቈረቈረች፣ በደቡብ ምሥራቅ የጊልቦዓ፣ በሰሜን የናዝሬት፣ በምዕራብ የቀርሜሎስ ተራሮች የከበቡት የሰፊው የኢይዝራኤል ሸለቆ መዲና ናት። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል በተጓጓዙበት በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል አያሌዎቹ ጎጆ ከቀለሱባቸው ከተሞች አንዷም ይህች ናት። ወደ ታቦር ተራራ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የአሎን ታቦር ኢንዱስትሪ ቀጠናም ስሙን ያገኘው «የታቦር በሉጥ» ከተባለው ዛፍ ነው፤ በሉጥም የጽጌ ብናኙን በነፋስ ከሚበትኑት ዕፀዋት አንዱ በመሆኑ፣ ሠራተኛው በየማለዳው የሚገባበት በር ከሚያስነጥሱት ዛፎች በአንዱ ስም ይጠራል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቀጠና የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ጎሕ ሲቀድ የሚወጣ ሰው፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እንደ ምንጭ እየፈሰሰ፣ ደረቱ እንደ ወናፍ እያፏጨ ቤቱ ሲደርስ እናቱ «ልጄ፣ ከሙቀት ወደ ብርድ እየወጣህ ነው፤ ምች ነው የመታህ» ትለዋለች፤ እርሱም ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ ጉንፋኑ ይመለሳል።

ጉንፋን ግን የዘመን መቁጠሪያ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ስለ ጽጌ ብናኝ መናገር ይገባል። አበባ የሚያብበው ለዓይናችን ደስታ ሳይሆን ዘሩን ለመተካት ነው፤ ለዚህም ከወንዴው ክፍል የሚወጣው ረቂቅ ዱቄት ወደ ሴቴው ክፍል መድረስ አለበት። የዱቄቱ መልእክተኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ዕፅ ንብንና ቢራቢሮን በቀለሙ፣ በመዓዛውና በማሩ ይጠራል፤ የዚህ ዓይነቱ ብናኝ ከባድና የሚያጣብቅ በመሆኑ በአየር ላይ ብዙም አይንሳፈፍም። ሌላው ግን ጉዳዩን ለነፋስ አደራ ይሰጣል፤ ነፋስ ዓይን ስለሌለው ቀለምም ሽታም አያስፈልገውም፤ ይልቁንም ከሚሊዮን አንዱ ቢደርስ ተብሎ የማይቈጠር ብናኝ ይበተናል፤ የቀረውም በሰው አፍንጫ፣ ዓይንና ሳንባ ላይ ያርፋል። ከዚህ የተነሣ በአገራችን በዘመነ ጽጌ የሚያነጥስ ሰው አደይ አበባን ሲወቅስ በሰማሁ ቍጥር ያሳዝነኛል፤ ያቺ ወርቃማ አበባ በነፍሳት የምትራባ ናትና፣ በደሉ ብዙውን ጊዜ ከጎኗ ተደብቆ የሚያብበው፣ ማንም አበባ ብሎ የማይጠራው የሣር ነው።

በኢትዮጵያ ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ክረምቱን ተከትሎ ይመጣል፤ በኢይዝራኤል ሸለቆ ግን ዝናቡ የሚዘንበው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ስለ ሆነ ሜዳው የሚያብበው በጸደይ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። በየካቲት፣ ገና ብርዱ ሳይወጣ፣ በመንገድና በእርሻ ዳር ነፋስ እንዲከላከሉ የተተከሉት ረጃጅም ጥዶች ይጀምራሉ፤ እነዚህም በአገራችን የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በመጋቢት በሉጥ ይከተላል። በድንጋይ አጥር ስንጥቅ የሚበቅል፣ የዕፀዋት ሊቁ ሊኔዎስ ስያሜውን ከይሁዳ ምድር ያወጣለት አንድ ትንሽ ቅጠል ደግሞ አለ፤ ይህም የሳማ ወገን ሆኖ ሳለ የማይለበልብ በመሆኑ ማንም ሳይፈራው ያልፈዋል፤ ይሁን እንጂ ሳማ በእጅ ላይ የሚያደርገውን እርሱ በአፍንጫ ውስጥ ያደርጋል። ስንዴው ራሱ፣ ሸለቆውን ሁሉ ቢሸፍንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያራባ ስለ ሆነ ወደ አየር የሚለቀው ጥቂት ነው፤ በስንዴው መካከልና ዳር የሚበቅሉት ሰርዶ፣ የዱር አጃና የእንክርዳድ ዘመዶች ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት አየሩን ይሞሉታል። ከአሜሪካ መጥቶ በእስራኤል የተተከለው ፒካን የሚባለው የለውዝ ዛፍም በሚያዝያ ገደማ የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

የሁሉም አለቃ ግን ወይራ ነው። ኢትዮጵያዊ ለወይራ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከጥድ ጋር ቆሞ አይቶታል፣ በእንጨቱ ጥርሱን ፍቋል፣ በጢሱ የታጠነ የወተት ዕቃ ጣዕሙን ያውቃል። የዕፀዋት ሊቃውንት እንደሚሉት የኛ ወይራና ዘይት የሚባለው የቅድስት አገር ዛፍ አንድ ወገን ናቸው፤ ልዩነታቸው የኛው የዱር፣ የዚያኛው ሰው ለፍሬው ሲል ለሺህ ዓመታት ያረባው መሆኑ ነው። የኛ ወይራ ግን በጫካ ከሌሎች ዛፎች ጋር ተቀላቅሎ ሲኖር፣ በገሊላ ኮረብቶችና በሸለቆው ዳር ዘይቱ ብቻውን በሰልፍ እንደ ሠራዊት ተተክሏል፤ በሚያዝያና በግንቦትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁሉም በአንድነት ያብባል። የአንዷ ብናኝ ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ነፋስ እስከ አያሌ ኪሎ ሜትር ይዟት ይሄዳል። ሸለቆው ደግሞ ለነፋስ የተዘጋጀ ቦይ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከሃይፋ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው የባሕር ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይገሠግሥበታል፤ ሐምሲን የሚባለው የምድረ በዳ ነፋስ በነገሠበት ቀን ግን ደረቁ አየር ብናኙን በላይ በላዩ ያከማቸዋል።

ይህ ዱቄት በራሱ መርዝ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ሰውነት እንደ ጠላት ሲቈጥረው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሐንሰንና ቤኒች የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን በየፊናቸው ያገኙት ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን አለ፤ ዋና ሥራውም የአንጀትና የደም ትሎችን መዋጋት እንደ ሆነ ይታመናል። ይህ ዘብ ጠላቱን ተሳስቶ የወይራን ብናኝ ሲይዝ፣ በአፍንጫና በሳንባ ሽፋን ላይ የተሰለፉት ማስት ሴሎች የተባሉ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን ኬሚካል ይለቃሉ፤ አፍንጫ ይፈሳል፣ ዓይን ያሳክካል፣ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠብባሉ። ነገር ግን ስሕተቱ በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ ሰውነት ብናኙን ደጋግሞ ማየትና ማጥናት አለበት። ስለዚህ አዲስ መጤ በመጀመሪያው ጸደይ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ በሁለተኛውም እንደዚያው፤ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ግን «አገሩን ለመድሁት» ባለ ጊዜ አገሩ ያስነጥሰው ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ ያልነበረበትን በሽታ በስተኋላ ሲያገኘው ራሱን ደካማ፣ ወይም የተረገመ አድርጎ ይቈጥራል፤ ይህ ኀዘን ከበሽታው ይልቅ የሚያስቈጭ ነው።

የኢትዮጵያ ገጠር በዚህ ነገር ለዓለም ያስተማረው አለ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገውና በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ተከታዩ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨቱ ነገር አነስተኛ ሆኖ እንደ ተገኘ ገለጸ። ትልን ለጤና ብሎ የሚመኝ የለም፤ ነገር ግን በገጠር ተወልዶ በአንድ ሌሊት በረራ ወደ ንጹሕ አፓርታማ የገባ ሰውነት፣ ለትል የተዘጋጀ ሠራዊቱን ወዴት ያሰማራ? በ1999 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የቤተሰብ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡት ስደተኞች ዘንድ አስም ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሆኖ እንደ ተገኘ መዘገባቸውን ከዚህ ጋር አያይዤ አነበዋለሁ፤ ምክንያቱ ብናኝ ብቻ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

አሁን ወደ ፋብሪካው በር እንመለስ። የጽጌ ብናኝን በደለኛነት በምርመራ ያረጋገጠው ቻርልስ ብላክሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ እርሱም የሚኖረው በጢስ በታፈነችው የፋብሪካዎች ከተማ በማንቸስተር ነበር። ራሱ በየበጋው ይታመም ስለ ነበር ብናኙን በገዛ አፍንጫው እየሞከረ፣ ካይት በሚባለው በራሪ ወረቀት ላይ የሚያጣብቅ መስተዋት አስሮ ወደ ሰማይ እየሰደደ፣ ዱቄቱ ከምድር እጅግ ርቆ እንደሚንሳፈፍ በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። በሣር መካከል የሚውሉት ገበሬዎች እምብዛም ሳይታመሙ የከተማው ሰው መታመሙ እርሱንም አስደንቆት ነበር። መልሱ በከፊል የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ በጃፓን ነው፤ በኒኮ ከተማ አካባቢ በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጥድ ባለበት ሁሉ ሳይሆን፣ ጥዱ መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር በቆመበት ስፍራ የሚኖሩት ሰዎች ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳየ። በሎስ አንጀለስም በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የናፍጣ ጢስ ቅንጣትን ከብናኝ ጋር በፈቃደኞች አፍንጫ ባስገቡ ጊዜ፣ ሰውነት ብናኙን ብቻውን ካገኘበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እጥፍ የሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ አመነጨ። ጢሱ የሳንባን ሽፋን ያቈስላል፤ ብናኙ በተከፈተው በር ይገባል። ሠራተኛው በአንድ በኩል የወይራ እርሻ፣ በሌላው በኩል ሞተራቸውን ሳያጠፉ ጭነት የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች ባሉበት ግቢ ሲውል ሁለቱን በአንድ እስትንፋስ ይስባቸዋል።

ይህ ነገር እንደ ተራ ንፍጥ የሚናቅ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስ። ኅዳር 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በአውስትራልያ በሜልበርን ከተማ ነጎድጓዳማ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ፣ የእንክርዳድ ዘመድ የሆነ ሣር ብናኝ እርጥበት ጠጥቶ ፈነዳ፤ ከውስጡ የወጡት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችም ትልቁ ብናኝ ወደማይደርስበት ወደ ሳንባ ጥልቅ ገቡ። በሰዓታት ውስጥ ሺዎች ወደ ሆስፒታል ጎረፉ፤ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ በጸደይ ከማስነጠስ በቀር አስም እንዳለባቸው ከቶ የማያውቁ ነበሩ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጉንፋን ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፣ በሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ይህኛው ትኩሳት የለውም፣ ዓይንንና ላንቃን ያሳክካል፣ ሳምንታትን ይቈያል፣ በየዓመቱም በቀጠሮው ይመጣል። ኩፓት ሆሊም በሚባለው የእስራኤል የጤና መድን ድርጅት የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ዳስሶ እንዲለካ ማስታወስ ነውር አይደለም። ከሂስታሚን መከላከያ ክኒኖች የቀድሞዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ በማሽን ወይም በፎርክሊፍት ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ የጣት ወይም የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ የማያስተኛውን ዓይነት በስም መጠየቅ ይገባዋል። ሲጨንቅ የሚነፋው መድኃኒት ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ቍስሉን አይፈውስም፤ በየቀኑ የሚወሰደው ስቴሮይድ ያለበት ማስታገሻ ግን ከሥሩ ያበርደዋል፤ ብዙዎች ሁለተኛውን ትተው በመጀመሪያው ብቻ ሲኖሩ ማየት ያሳስበኛል። ብናኙን በጥቂት በጥቂቱ ለሰውነት እየሰጡ ማልመድም ሌናርድ ኑን በለንደን በ1911 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ወዲህ የተፈተነ፣ ዓመታትን የሚጠይቅ ሕክምና ነው። ከሥራ የተመለሰ ሰው ልብሱን በደጅ ለውጦ ፀጉሩን ቢታጠብ፣ ልብሱንም በግንቦት ነፋስ ላይ ባያሰጣ ሌሊቱ ይቀልለታል። እናቶችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የእጣኑና የቡናው ጢስ የቤታችን ክብር ነው፤ ነገር ግን ሰፊ በሆነው የአገራችን ጎጆ የነበረው ጢስ በተዘጋው የአፓርታማ ክፍል ውስጥ መውጫ የለውምና፣ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ባለበት ቤት ከሰሉና እጣኑ ወደ ሰገነቱ ይውጣ።

መድኃኒቱም ይበልጥ የሚረዳው ብናኙ ከመድረሱ አስቀድሞ ሲጀመር ነው፤ በአፍንጫ የሚረጨው ማስታገሻ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ወይራው በሚያዝያ የሚያብብ ከሆነ በአፉላ የሚሠራ ሰው የሐኪም ቀጠሮውን መያዝ ያለበት በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጥዱ በሚያስነጥስበት ጊዜ ነው።