ሦስትን በእንግሊዝኛ ስለ መጥራት



ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ አንድን ቃል አበላሽቶ መጥራት ከጓደኛ ሳቅ የበለጠ ጉዳት አለው። ሳቅን የፈራ ተማሪ መልሱን እያወቀ እጁን ሳያነሣ ይቀራልና።

ከአስቸጋሪዎቹ ቃላት አንዱ የሦስት ቁጥር ስም ነው። አንዳንዶቻችን «ስሪ»፣ ሌሎቻችን «ትሪ» እንለዋለን። «ትሪ» ግን ለእንግሊዝ ጆሮ ዛፍ ነው፤ ለእናቶቻችን ደግሞ ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ። ስለዚህ «ሦስት ማንጎ» ለማለት ያሰበ ልጅ ስለ ማንጎ ዛፍ የሚያወራ ይመስላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የቃሉ መነሻ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ፣ የሚቀርበንን ድምፅ በምትኩ እንወስዳለን። «ሰ» ስንል ምላሳችን ከጥርስ ኋላ ይቀራል፤ አየሩም እያፏጨ ይወጣል። «ተ» ስንል ምላስ አየሩን አግዶ በድንገት ይለቀዋል። የሚፈለገው ድምፅ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ፈረንሳዮችና ጀርመኖችም በቋንቋቸው ስለሌለ ይቸገሩበታል።

ለእኛ ለይፋት ልጆች ግን ድምፁ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከአሊፍ፣ ከባና ከታ ቀጥሎ የሚመጣው አራተኛው የዐረብ ፊደል ይኸው ድምፅ ነው። ቁርኣንን በተጅዊድ የቀራ ጓደኛ ምላሱን የት እንደሚያኖር ያውቃልና እርሱን እንጠይቅ። የዐረብኛው ስምንት በዚህ ድምፅ ሲጀምር፣ የግእዙ «ሰማኒቱ»ና የአማርኛው «ስምንት» በ«ሰ» ይጀምራሉ። ይኸውም በጥንቱ የሴም ቋንቋ የነበረው ድምፅ በግእዝ ከ«ሰ» ጋር ስለ ተቀላቀለ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የምላስን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ጥቂት ብቅ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ምላስን ሳይነክሱ አየሩን በቀስታ መንፋት፤ በዚህ ጊዜ ጉሮሮን በእጅ ቢነኩት አይንቀጠቀጥም። ሦስተኛ፣ ምላስን ወዲያው ወደ ኋላ ስቦ «ሪ» ማለት፤ በመካከል ሌላ አናባቢ አይግባ። ይህንኑ በመስተዋት ፊት ደጋግሞ መለማመድ ይጠቅማል።

ምላስ ማሳየት ነውር ነው ተብለን ስላደግን እናፍር ይሆናል። የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ለዚህ ትምህርት ሲባል ነውሩን ይቅር በሉን። እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ እንኳ ልጁን ሊረዳ ይችላል፤ ልጁ ቃሉን ሲጀምር የምላሱ ጫፍ ከጥርሱ መካከል ከታየ ጥሩ ጀምሯል፤ ካልታየ ግን «ድገመው» ይበለው።