ተሽከርካሪው ምርመራውን አላለፈም ሲባል፤ የባለንብረቱ አቤቱታ እንዴት ይታይ?

በብዙዎች ዘንድ ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስሙ "ክላውዶ" እየተባለ የሚጠራው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተሽከርካሪዎች ለመንገድ ብቁ መሆናቸው የሚረጋገጥበት አሠራር ነው። ምርመራውን ያላለፈ ተሽከርካሪ የዓመቱን ቦሎ አያገኝም፤ ቦሎ የሌለው ተሽከርካሪ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ሥራ ላይ ሊሰማራ አይችልም። በመሆኑም መርማሪው በቅጹ ላይ የሚያሰፍረው "አላለፈም" የሚል አንድ ቃል ለታክሲ ባለንብረት የዕለት ገቢ መቋረጥ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የመስክ ሥራ መስተጓጎል፣ ለግል ባለንብረት ደግሞ ያልታሰበ ወጪ ማለት ነው።

ያው ቃል በሌላ በኩል የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ሊሆን ይችላል። ፍሬኑ የደከመ ወይም መሪው የላላ ተሽከርካሪ ከመንገድ እንዲገለል መደረጉ ተሳፋሪውንም እግረኛውንም ይጠብቃል። ስለዚህ የባለንብረቱን ቅሬታ ለማስወገድ ሲባል ምርመራውን ማላላት መፍትሔ ሊሆን አይችልም። መልስ የሚያሻው ጥያቄ መርማሪው ተሳስቷል ብሎ የሚያምን ባለንብረት የት ይሂድ፣ አቤቱታውስ በማን፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ማስረጃ ይታይ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በዝርዝር መልስ ካበጁ አገሮች አንዷ ብሪታኒያ ናት። በዚያች አገር አብዛኛውን ምርመራ የሚያካሂዱት መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው የግል ጋራዦች ናቸው። በአገራችንም የቴክኒክ ምርመራ ፈቃድ በተሰጣቸው የግል ተቋማት የሚካሄድ በመሆኑ የብሪታኒያ አሠራር ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ይዟል።

የምርመራው አጀማመርና አሠራር

የብሪታኒያ የተሽከርካሪ ምርመራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በወቅቱ ሥራውን በበላይነት ይመራ የነበረው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ስለነበር ምርመራው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሚኒስቴሩ የእንግሊዝኛ ስም ምሕጻረ ቃል "ኤም.ኦ.ቲ" እየተባለ ነው። በመጀመሪያ ምርመራው የሚመለከተው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ሲሆን፣ የሚፈተሹትም ፍሬን፣ መብራትና መሪ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የዕድሜው ገደብ ወደ ሰባት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ብሏል። በአሁኑ ጊዜ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ሦስት ዓመት የሞላው አውቶሞቢል በየዓመቱ ይመረመራል። በሰሜን አየርላንድ አሠራሩ የተለየ ሲሆን፣ ምርመራው የሚካሄደው በመንግሥት ማዕከላት ነው።

ጋራዦቹን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው የተቋቋመው የአሽከርካሪዎችና ተሽከርካሪዎች ደረጃ ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው መርማሪዎች የሚመሩበትን መመሪያ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ማንኛውም ባለንብረት ተሽከርካሪው በምን መስፈርት እንደሚመዘን አስቀድሞ ማንበብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በምርመራ የሚገኙ ጉድለቶች አደገኛ፣ ከፍተኛና ቀላል ተብለው በሦስት ይመደባሉ። አደገኛ ወይም ከፍተኛ ጉድለት የተገኘበት ተሽከርካሪ ምርመራውን አያልፍም። ቀላል ጉድለት ያለበት ግን እንዲያስተካክል ተነግሮት ያልፋል። ከእነዚህ በተጨማሪ ወደፊት ክትትል ለሚሹ ክፍሎች ምክር ብቻ ይሰጣል።

ክርክር የሚነሳባቸው ጉድለቶች

ሁሉም ጉድለቶች እኩል አያከራክሩም። የአውቶሞቢል ጎማ የጥርስ ጥልቀት ከ1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ማነስ እንደሌለበት በብሪታኒያ ሕግ ተደንግጓል። መለኪያው ከዚህ በታች ካሳየ ክርክሩ ያበቃል። የፍሬን ብቃትም በማሽን የሚለካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2010 በፊት ሥራ ላይ ለዋሉ አውቶሞቢሎች 50 በመቶ፣ ከዚያ ወዲህ ለጀመሩት በአብዛኛው 58 በመቶ መድረስ ይኖርበታል። በእነዚህ ጉዳዮች ባለንብረቱ ሊጠይቅ የሚችለው መሣሪያው በትክክል መሥራቱንና አለካኩ በመመሪያው መሠረት መሆኑን ነው።

የዝገት ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በሻንሲ ወይም በአካል ላይ የሚታይ ዝገት ጥንካሬውን ምን ያህል እንደጎዳው መርማሪው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ተጭኖና በተፈቀደ መሣሪያ ቀስ ብሎ መትቶ የሚወስነው ነው። የመሪ መገጣጠሚያ ልቅነትም እንዲሁ በመርማሪው ልምድ ላይ ይመሠረታል። በአንድ መርማሪ ዓይን የሚያልፈው በሌላው ዓይን ላያልፍ ይችላል። ለክርክር ሰፊ በር የሚከፍቱትም እንዲህ ያሉት በግምት የሚወሰኑ ጉድለቶች ናቸው።

የአቤቱታው ሂደት

በብሪታኒያ ተሽከርካሪው ምርመራውን ያላለፈ ባለንብረት የጉድለቶቹ ዝርዝር የተጻፈበት ሰነድ ይሰጠዋል። በውጤቱ ካልተስማማ በመጀመሪያ የሚጠበቅበት ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ከጋራዡ ጋር መነጋገር ነው። በርካታ አለመግባባቶች መርማሪው ጉድለቱን ከመመሪያው ጋር እያነጻጸረ በማሳየቱ ብቻ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው።

በንግግር ካልተፈታ ባለንብረቱ ለዚሁ የተዘጋጀውን የአቤቱታ ቅጽ ሞልቶ ምርመራው ከተካሄደበት ዕለት አንስቶ ባሉት 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኤጀንሲው ያቀርባል። ኤጀንሲው በአምስት ቀናት ውስጥ ባለንብረቱን አግኝቶ ስለ አቤቱታው ያነጋግራል። ተሽከርካሪው በድጋሚ መታየት አለበት ብሎ ሲወስን ቀን ተቆርጦ ከጋራዡ ጋር የጥቅም ግንኙነት በሌለው የኤጀንሲው ባለሙያ ይመረመራል። በመጨረሻም የተገኙት ጉድለቶች ተዘርዝረው ለባለንብረቱ በጽሑፍ ይደርሱታል።

ለድጋሚ ምርመራው ባለንብረቱ ሙሉ ክፍያ እንደገና ይፈጽማል። ለአውቶሞቢል የተፈቀደው ከፍተኛ ክፍያ 54 ፓውንድ ከ85 ፔንስ ነው። አቤቱታው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ በሙሉ ወይም በከፊል ሊመለስለት ይችላል። ክፍያው ያለ በቂ ምክንያት የሚቀርቡ አቤቱታዎችን ለመቀነስ ይረዳል። ይሁንና አቅሙ ውስን የሆነውን ባለንብረት ሊያሸሽ እንደሚችልም አይካድም። ጥገናው አነስተኛ ሲሆን አስጠግኖ በድጋሚ ማስመርመሩ ከአቤቱታው ይልቅ ይቀላል። ተሽከርካሪው ለጥገና እዚያው ጋራዥ ከቆየ በከፊል የሚደረገው ድጋሚ ምርመራ ያለ ክፍያ ይከናወናል።

ያልተነካ ማስረጃ

የሂደቱ ቁልፍ አቤቱታው ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ተሽከርካሪው እንዳይጠገን መደረጉ ነው። ክርክር የተነሳበት ክፍል ተቀይሮ ወይም ተበይዶ ከሆነ የድጋሚ መርማሪው የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያይበት ነገር አይኖረውም። በፍርድ ቤት ቋንቋ ማስረጃው ጠፍቷል ማለት ነው። ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያስጠግናሉ፣ ከዚያ ቅሬታ ያቀርባሉ።

ተሽከርካሪውን ያለ ጥገና ማቆየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የቀድሞው የምርመራ የምስክር ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ተሽከርካሪ ወደ ጥገና ወይም ቀጠሮ ወደ ተያዘለት ምርመራ ከመሄድ በስተቀር መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። የቀድሞው የምስክር ወረቀት ያልተቃጠለ ቢሆን እንኳ አደገኛ ጉድለት ተገኝቶበት ከሆነ ማሽከርከር በሕግ ያስጠይቃል። በተሽከርካሪው ለሚተዳደር ሰው እያንዳንዱ የጥበቃ ቀን የገቢ እጦት ነው። ለአቤቱታ አቅራቢውም ሆነ ለኤጀንሲው የጊዜ ገደብ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የጊዜ ገደብ የሌለው የአቤቱታ መብት ዕለታዊ ገቢ ላለው ባለንብረት እንደሌለ ይቆጠራል።

የጥቅም ግጭትን መከላከል

ምርመራውን የሚያካሂደው ጋራዥ ራሱ ጥገናም የሚሠራ በመሆኑ "ሥራ ለማግኘት ብሎ ጣለኝ" የሚል ጥርጣሬ መነሳቱ አይቀርም። ይህን ለመከላከል የተለያዩ ዘዴዎች ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ጋራዥ ባለንብረቱ ምርመራውን የሚመለከትበት ቦታ እንዲያዘጋጅ ይገደዳል። ባለንብረቱ መመልከት እንጂ መርማሪውን ማቋረጥ አይፈቀድለትም። የተፈቀደው ከፍተኛ ክፍያና የአቤቱታ መብቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይለጠፋሉ። ጥገና የትም ቦታ ማስደረግ የባለንብረቱ ምርጫ ነው። አንዳንድ የአካባቢ ምክር ቤቶችም ለራሳቸው ተሽከርካሪዎች ባቋቋሟቸውና የሕዝብ ተሽከርካሪ በማይጠግኑ ማዕከላት ለሕዝብ የምርመራ አገልግሎት ይሰጣሉ።

አሠራሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ለሚፈጠር ስህተትም መፍትሔ አበጅቷል። ማለፍ ያልነበረበት ተሽከርካሪ አልፏል የሚል ሰው ለኤጀንሲው አቤት ማለት ይችላል። የጊዜ ገደቡ ዝገትን ለሚመለከት ጉዳይ ሦስት ወር፣ ለሌሎች ጉድለቶች 28 ቀን ነው። ይህ በተለይ ያገለገለ ተሽከርካሪ ለገዙ ሰዎች ጠቃሚ ሲሆን፣ መርማሪው ያለ አግባብ በመጣሉ ብቻ ሳይሆን ያለ አግባብ በማሳለፉም እንደሚጠየቅ ያስገነዝበዋል።

ለአገራችን የሚኖረው ትምህርት

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ምርመራን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 681 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ለምርመራው ተጨማሪ ክብደት ሰጥቶታል። ቀደም ብለው የገቡት ተሽከርካሪዎች ለረጅም ዓመታት እየተጠገኑ የሚያገለግሉ ከሆነ የዝገትና የመላላት ጉድለቶች ይበዛሉ። እነዚህ ደግሞ ከላይ እንደተመለከተው ይበልጥ የሚያከራክሩት ናቸው።

አቤቱታን በአግባቡ ለማስተናገድ የሚያግዝ አጠቃላይ የሕግ መሠረት አለ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መንግሥት አስፈጻሚ አካላትንና ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ የከተማ አስተዳደሮች አስፈጻሚ አካላትን ይመለከታል። አዋጁ አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጥና ምክንያቱ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስ የሚጠይቅበትን መንገድም ይከፍታል። በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደልን የሚመለከቱ አቤቱታዎችን ተቀብሎ ይመረምራል።

ሆኖም የአንድ ፍሬን ወይም የአንድ ሻንሲ ጉዳይ ፍርድ ቤት እስኪደርስ መጠበቅ ለባለንብረቱም ለመንግሥትም አይጠቅምም። ጉዳዩ ሊያልቅ የሚገባው ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ነው። ለዚህም የሥራ ኃላፊዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎችን መውሰድ ይችላሉ።

አንደኛው፣ ተሽከርካሪው ሲወድቅ "ፍሬን" ወይም "አካል" ብሎ ከማለፍ ይልቅ የተለካው መጠን፣ መድረስ የነበረበት መጠንና ጉድለቱ የተገኘበት ቦታ በውጤት ቅጹ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ባለንብረቱ ከማስጠገኑ በፊት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችልና እንደሚኖርበት በምርመራው ቦታ በግልጽ ማሳወቅ ነው። ሦስተኛው፣ ድጋሚ ምርመራው በመጀመሪያው መርማሪ ሳይሆን በሌላ ባለሙያ፣ በታወቀ አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲካሄድ መወሰን ነው። አራተኛው፣ የተሻሩና የጸኑ ውሳኔዎችን በየተቋሙ መዝግቦ መያዝ ነው። ውሳኔው በተደጋጋሚ የሚሻርበት ተቋም ሥልጠና ወይም ጠንከር ያለ ቁጥጥር እንደሚያስፈልገው መዝገቡ ያመለክታል።

ባለንብረቶችም በበኩላቸው ኃላፊነት አለባቸው። መርማሪን በአማላጅ ወይም በጉቦ ለማሳለፍ መሞከር ወንጀል ከመሆኑም በላይ ጉድለቱን ከተሽከርካሪው ላይ አያስወግደውም። ተገቢው መንገድ የጉድለቱን ዝርዝር በጽሑፍ መቀበል፣ ተሽከርካሪውን ሳይነካኩ ማቆየትና አቤቱታን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ነው።

የምርመራ ውሳኔ በሌላ ባለሙያ ዳግም እንዲታይ መፍቀድ የመርማሪውን ሥልጣን የሚቀንስ አይደለም። በትክክል የጣለ መርማሪ በድጋሚ ምርመራ ውሳኔው ይጸናለታል፤ ያለ አግባብ የተጣለበት ባለንብረትም መብቱ ይከበርለታል። ሁለቱም ሲረጋገጡ ሕዝቡ በምርመራው ላይ ያለው እምነት ይጠነክራል፣ በተሽከርካሪው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም ተሽከርካሪው በእርግጥ ለመንገድ ብቁ መሆኑን የሚመሰክር ይሆናል።