ዋናው ነገር ከላይ

በኢንተርኔት ለሚወጣ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ከቀረው ሁሉ ይበልጣሉ። አንባቢው ልቀጥል ወይስ ልተወው ብሎ የሚወስነው እዚያ ላይ ነው፤ የፍለጋ ገጾችም ከርዕሱ ሥር የሚያሳዩት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

«መካነ ኢየሱስ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር ዞን የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስም ትታወቃለች። ቤተ ክርስቲያኗ በመላ አገሪቱና በውጭም የታወቀች ስለሆነች ስለ እርሷ የተጻፈው ይበዛል። ስለ ከተማዋ የሚጻፍ ጽሑፍ በሕዝቡ ደግነት ወይም በአየሩ ተስማሚነት ቢጀምር፣ አንባቢው ስለ የትኛዋ እንደሚያነብ ሳያውቅ ብዙ ይጓዛል። «መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ የምትገኝ የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት» ብሎ መጀመር ግን ጥርጣሬውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቆርጠዋል። ከዚያ መንገዱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ይከተላል። ከዚያ በኋላ የጉና ተራራና የአካባቢው እርሻ ይመጣል። የቆየው ታሪክ ከሁሉም በኋላ ቢቀመጥ ክብሩ አይቀንስም፤ ለታሪኩ ብሎ የመጣ አንባቢ ንዑስ ርዕሱን አይቶ ያገኘዋል።

ይህ አጻጻፍ ከጋዜጣ የተወረሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቴሌግራፍ ዜና ይላክ ከነበረበት ዘመን ጋር ነው። የጋዜጣ አዘጋጅም ቦታ ሲያጥረው የሚቆርጠው ከታች በመሆኑ፣ ዋናውን ከላይ ያደረገ ዘጋቢ ዜናው ሳይጎድልበት ይታተምለታል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ የኢንተርኔት አንባቢ የላይኞቹን መስመሮች በአግድም ካየ በኋላ ወደታች ሲወርድ የየመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እንደሚቃኝ አሳይቷል።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ሥራው ይከብዳል፤ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነውና። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ዜና ቢጻፍ፦ «የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከዞኑ ባለሙያዎችና ከቀበሌ አመራሮች ጋር ባካሄደው የምክክር መድረክ ለዘንድሮው መኸር የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ከሰኞ ጀምሮ እንደሚሰራጭ አስታወቀ።» ገበሬው የሚፈልጋት ነገር ከስብሰባው ጀርባ ተደብቃለች። «የመኸር ማዳበሪያ ከሰኞ ጀምሮ በየቀበሌው ይሰራጫል» ቢባል ግን፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለአባቱ በስልክ የሚያነብለት ልጅ እንኳ አይቸገርም። ማን እንደሰበሰበና ማን እንደተገኘ በሚቀጥለው አንቀጽ ይነገራል። ወግና ትረካ በዚህ ሥርዓት አይገደዱም፤ የእነርሱ ጣዕም ማቆየቱ ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይህን ሥርዓት ከድሮም ያውቀዋል። ከአድራሻው ሥር «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ደብዳቤው ስለምን እንደሆነ ገና ሰላምታ ሳይጀመር ይናገራል። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይርቃል። የምዝገባው ጊዜ የሚገኘው ከታች ነው፤ እርሱም «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል ነው። ሰሌዳ ላይ ለተለጠፈ ወረቀት ይህ ይበቃ ነበር። በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ግን መቼ እንደወጣ ስለማይታወቅ ሥራ ፈላጊውን በከንቱ ያደክማል። የመጨረሻው ቀን በቁጥር፣ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አቆጣጠር ተለይቶ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ይገባዋል፤ የሥራው ዓይነትና የሚፈለገው የትምህርት ደረጃም ከጎኑ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ሌላ እንቅፋት ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ገጠር ፎቶው ከጽሑፉ ዘግይቶ ይከፈታል፤ በፎቶ ውስጥ ያለ ፊደልም በስም ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የስልክ መተግበሪያም ሳያነበው ሊያልፍ ይችላል። ፎቶው ለማስረጃነት ይቅረብ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከፎቶው በላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይቀመጥ።