ጥቁር ቲማቲም ለጓሮዎ፤ ዘሩን ከመዝራትዎ በፊት

ከባህር ማዶ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ የሐረር ልጅ ከሻንጣው የአትክልት ዘር አውጥቶ ሰጥቶዎት ሊሆን ይችላል። ፖስታው ላይ የሚታየው ቲማቲም እንደ ደርባጃን የጠቆረ ወይም እንደ ቸኮላት ቡናማ ነው። «ከቀዩ ይበልጣል፤ ለስኳርና ለደም ግፊት ፍቱን ነው» የሚል ቃልም አብሮ ተነግሮዎት ይሆናል። ውድ አንባቢያን፣ በጁገል ግንብ ውስጥ ያለ ግቢ ጠባብ ነው፤ ሁለትና ሦስት የቲማቲም ተክል ከያዘ ብዙ ያዘ። በዚያች ቦታ የሚዘሩት ዘር ለቤተሰብዎ ምን እንደሚጠቅም፣ ምንስ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።

ጥቁር የሚባለው ቲማቲም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ወገን በአብዛኛው በገበሬዎችና በጓሮ አትክልተኞች እጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ነው። ስሙ ከክራይሚያ የመጣው «ብላክ ክሪም»፣ «ቼሮኪ ፐርፕል»፣ በጥቁር አሜሪካዊው ድምፃዊና የመብት ታጋይ ስም የተሰየመው «ፖል ሮብሰን» እንዲሁም ፍሬው ትንንሽ የሆነው «ብላክ ቼሪ» ከዚህ ይመደባሉ። ማንኛውም ቲማቲም ሲበስል ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለሙን እያጣ፣ ሊኮፒን የተባለውን ቀይ ቀለም ይሠራል። በእነዚህ ዝርያዎች ግን አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሎ ፍሬውን ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ያስመስለዋል። እንግዲህ ጥቁረቱ የመጣው አሮጌው ቀለም ስላልለቀቀ ነው። ጣዕማቸው ግን በእርግጥ ደስ ይላል። ብዙዎች ከገበያው ቲማቲም ይልቅ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ጣፋጭነት ያደላ ጣዕም ያገኙባቸዋል። ጣፋጭ መሆኑ ግን አሲዱ ጠፍቷል ማለት ስላልሆነ፣ ቲማቲም ጨጓራዎን የሚያቃጥልዎት ከሆነ ጥቁሩም ሊያቃጥልዎት ይችላል።

ሁለተኛው ወገን በቅርብ ዘመን የመጣ ነው። የአሜሪካው ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ለአትክልተኞች ያወጣው «ኢንዲጎ ሮዝ» ከዚህ ወገን በስም ይታወቃል። ቲማቲምን ከደቡብ አሜሪካ የዱር ዘመዶቹ ጋር በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ልጣጩ አንቶሲያኒን የተባለ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። የሚጠቁረው ፀሐይ ያረፈበት በኩል ብቻ ነው፤ ቅጠል የሸፈነው ጎን አይጠቁርም፤ ሲቆረጥም ውስጡ ቀይ ነው። አንቶሲያኒን በደርባጃን ልጣጭ፣ በጥቁር ወይንና በቀይ ሽንኩርት ውስጥም አለ። ስለዚህ ከሸዋ በር ገበያ ቀይ ሽንኩርት ገዝተው ቤትዎ በገቡ ቁጥር ይህንኑ ቀለም በዘንቢልዎ ይዘው ይገባሉ ማለት ነው።

ስለ ጥቁር ቲማቲም የሚወራው የጤና ወሬ ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙው የመነጨው ከሦስተኛ ወገን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከአንድ የአበባ ተክል ሁለት ዘረመሎችን ወስደው ወደ ቲማቲም በማስገባት፣ ልጣጩም ሥጋውም ወይን ጠጅ የሆነ ፍሬ አገኙ። በቀላሉ ካንሰር እንዲይዛቸው ተደርገው የተራቡ አይጦች የዚህን ቲማቲም ዱቄት ከምግባቸው ጋር ሲበሉ፣ በአማካይ ከ142 ቀን ወደ 182 ቀን ዕድሜያቸው ረዘመ። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም የታየው በአይጥ ላይ ነው፤ ያውም በጓሮ ዘሮች አልተሞከረም። ይህ በዘረመል ምህንድስና የተሠራ ቲማቲም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ለጓሮ አትክልተኞች በዘር መልክ ይሸጣል። በሀገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መዝራት አይቻልምና ፖስታውን አገላብጠው ይመልከቱ።

የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። ቲማቲም፣ ቀይም ሆነ ጥቁር፣ ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ አትክልት ነው። 100 ግራም ጥሬ ቲማቲም ወደ 95 ግራም የሚጠጋው ውሃ ሲሆን፣ ኃይሉም 18 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ኢንሱሊንን ወይም የግፊት ኪኒንን የሚተካ ቲማቲም የለም። ጥቁር ቲማቲም ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቆም ለስትሮክና ለኩላሊት ጉዳት በር መክፈት ነው። ኩላሊትዎ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። 100 ግራም ቲማቲም ወደ 240 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ፖታሲየም ይዟል። ውሃው ተኖ በሚቀረው የቲማቲም ድልህ ውስጥ ይህ መጠን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ይጠቀምበታል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ፖታሲየሙን ማስወገድ ያቅተውና የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱም ፖታሲየም በሰውነታቸው ሊጠራቀም ይችላል። ክትትልዎ ሕይወት ፋናም ይሁን ጁገል ሆስፒታል፣ በቀጠሮዎ ቀን «ስንት ቲማቲም ልብላ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ሐረር ከባህር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኗ ፀሐያማ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ደግሞ ቀዝቃዛ የሆነች ከተማ ናት። ፀሐዩ ለቲማቲም ይስማማል። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ የደረሰውን ችግር፣ ከድሬዳዋ በኩል ውሃ በቧንቧ እስኪመጣ ድረስ የነበረውንም ጥበቃ የሐረር ሰው አይረሳውም። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ውሃ በፈረቃ መጠበቅን ለለመደ ቤት የትልልቅ ፍሬ ዝርያ ከባድ ነው። «ብላክ ክሪም» እና «ቼሮኪ ፐርፕል» ቁመታቸው ከሰው ቁመት ሊበልጥ የሚችል፣ ፍሬያቸው ትልቅ፣ ልጣጫቸው ስስ ነው። ለቀናት ተጠምተው ድንገት ውሃ ሲጠግቡ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ሻጋታ ይገባል። ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው በወጉ ስለማይደርስ የፍሬው ቂጥ እየጠቆረ ይበሰብሳል። በጥቁር ቲማቲም ላይ ደግሞ ይህ ጥቁረት ቶሎ አይታይም።

ስለዚህ የግድ ጥቁር ይሁንልኝ ካሉ ትንንሽ ፍሬ የሚያፈራውን፣ እንደ «ብላክ ቼሪ» ያለውን ይምረጡ። ትንሽ ፍሬ የውሃ መቆራረጥን ከትልቁ ይልቅ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎም ስለሚደርስ ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል። አንድ ተክል ይብቃዎት። ለድስት የሚሆነውን ከሀገር ውስጥ ዝርያ ቢያደርጉት ይሻላል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ መልካሾላ፣ መልካሳልሳ፣ ፈጣንና ቢሾላ ያሉ ዝርያዎች የተመረጡት በሀገራችን አፈርና አየር ተፈትነው ነው። በዘር መሸጫ የሚገኘው «ሮማ ቪኤፍ» ደግሞ ስሙ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ተክሉን ከሥር የሚያጠወልጉ ሁለት የፈንገስ በሽታዎችን መቋቋሙን ያመለክታሉ። አብዛኞቹ ጥንታዊ ጥቁር ዝርያዎች እነዚህ ፊደላት የሏቸውም። በሽታ የማይችል ተክል የኬሚካል ፍላጎት ያስከትላል፤ የኬሚካሉ ነገር ደግሞ ወደ ጤናችን ይመልሰናል።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሻንጣው ጥቂት እንበል። ዘር በሽታ ይዞ ይጓዛል። በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ፍሬን የሚያበላሸው የቲማቲም ቫይረስ ከሀገር ወደ ሀገር የተሻገረው በዘር ጭምር ነው። አንድ ፖስታ ዘር በሐረር ዙሪያ በቲማቲም ለሚተዳደር ገበሬ ምን ሊያመጣበት እንደሚችል ያስቡት። ከውጭ የሚገባ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የኢትዮጵያ ግብርና ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዘመድዎ ሊልክልዎት ካሰበ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ገብታለች። ትሏ ቅጠሉን በሁለቱ ገጽ መካከል እየሰረሰረች ነጣ ያለ ቁስል ታወጣበታለች፤ ፍሬውንም ትበሳለች። ይህን ያየ ሰው ሮጦ መርጫ ይገዛል። በጁገል ግቢ ግን ምጣዱ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሕፃኑ መጫወቻና የቲማቲሙ ሥር ሁሉም በጥቂት ክንድ ርቀት ውስጥ ናቸው። የሚረጩት ኬሚካል የትም አይሄድም። ሁለት ተክል ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ጣቱ ነው፤ በየጠዋቱ ቅጠሉን እየገለበጡ፣ የተሰረሰረውን ቆርጠው በላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ማዋል። ተክሉን በጥቅጥቅ ወንፊት ጨርቅ መሸፈንም ይረዳል። የወባ አጎበር ግን አይሆንም፤ ኬሚካል የተነከረ ከመሆኑም በላይ የተሰጠው ለሰው መኝታ ነው። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ መርጨት ግድ ከሆነ በመለያው ላይ የተጻፈው ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው የቀን ብዛት ይከበር። መርጫውን በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ልጅ ሊገድል ይችላል። ውሃ በሚቆጠብበት ከተማ ባዶ ጀሪካን ውድ ዕቃ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃ አይሆንም፤ ለመትከያም አይሆንም።

ለመትከያ ዘይት የነበረበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጠው፣ ታቹን በስተው ይጠቀሙ። አንድ ጀሪካን ለአንድ ተክል ነው። ቲማቲም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ የጁገል ግድግዳዎች ደግሞ ረጃጅም ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በግቢው ሰሜናዊ ጠርዝ ወደ ደቡብ የዞረው ቦታ የተሻለ ብርሃን ያገኛል። ጣራ ላይ ማውጣቱ ያምርዎት ይሆናል፤ የጥንቱ የሐረሪ ቤት ጠፍጣፋ ጣራ ግን እንጨትና አፈር ነው። እርጥብ አፈር የሞላ ጀሪካን ሲደረደርበትና ውሃ ሲንጠባጠብበት ይጎዳል፤ ዝናብ ሲመጣም የሚያፈሰው በእርስዎ ራስ ላይ ነው። ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ያርቁት።

ለመፍላት የሚያመቸው ጊዜ ዝናቡ የሚያባራበት የመስከረም መጨረሻ ነው። በክረምት የተተከለ ቲማቲም ምች ይመታዋል፤ ቅጠሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ሲያጠጡ ውሃውን ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ አያፍስሱ፤ አፈሩን በደረቅ ሣር ቢሸፍኑት ፈረቃው እስኪደርስ እርጥበቱ ይቆያል። ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ይሆናል። በረኪና ወይም ዱቄት ሳሙና ያለበት፣ የሕፃን ልብስ የታጠበበት ውሃ ግን ጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ አይፈስም።

ጥቁር ቲማቲም መቼ እንደሚበስል ማወቅ ያደናግራል። «ብላክ ቼሪ» እና መሰሎቹ ትከሻቸው አረንጓዴ እንደሆነ ሊበስሉ ስለሚችሉ በጣት ጫን ሲደረግ ለስለስ ማለቱን ይመልከቱ። «ኢንዲጎ ሮዝ» ገና ጥሬ ሳለ ይጠቁራል፤ እርሱን የሚያጋልጠው ቂጡ ነው፤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲለወጥ ያን ጊዜ ይቁረጡት።

አበላሉም ይለያያል። በጥሬው ያለው ቫይታሚን ሲ ከጤፍና ከምስር የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ስለሚያግዝ፣ ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ከምስር ወጡ አጠገብ በንጹሕ ውሃ የታጠበ ጥሬ ቲማቲም ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ቢበሉ ይጠቀማሉ። ቡናውን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ብረቱን ይሻማል። ሊኮፒኑ ደግሞ በተቃራኒው እሳትና ዘይት ይወዳል፤ ቀዩን ቲማቲም በጥቂት ዘይት አቁላልተው ሲያበስሉት ሰውነት የበለጠ ያገኘዋል። ጥቁሩን ለሰላጣ፣ ቀዩን ለስልስ ማድረግ ያዋጣል።

ከወደዱት ዘሩን ማስቀረት ይችላሉ፤ ጥንታዊዎቹ ጥቁር ዝርያዎች ዲቃላ ስላልሆኑ በሚቀጥለው ዓመትም እናታቸውን ይመስላሉ። በደንብ የበሰለ፣ ከጤነኛ ተክል የተገኘ ፍሬ ይምረጡ። ፍሬዎቹን ከነውሃቸው በብርጭቆ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆዩና ዝልግልጉ ሲለቅ አጥበው በሳህን ላይ ጥላ ሥር ያድርቁ። ወረቀት ላይ ከሰጡት ይጣበቃል።