የመሲንቆ ድምፅ በኪቦርድ ላይ

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ሃረና ደን የሚወርድ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ እንዳለ እንገምት። የተጠራው ለሠርግ ነው፤ የጫነውም አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ሠርገኛው መሲንቆ ይወዳል። ወጣቱ ግን ኪቦርዱን በመሲንቆ ድምፅ ላይ አድርጎ ሲነካው የሚሰማው ንብ የገባችበት ቆርቆሮ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ጥፋቱ ከምን ላይ ይመስልሃል?

በመጀመሪያ መሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ዜማውም አንዱ ድምፅ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ይሄዳል። ኪቦርድ ግን ጣት ባረፈበት ቁልፍ ሁሉ ስለሚጮኽ ድምፆቹ ይደራረባሉ። ስለዚህ መሣሪያውን «ሶሎ» ወይም «ሞኖ» በሚባለው አሠራር ላይ ማድረግ ይገባል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ቁልፍ ሲነካ የቀድሞው ዝም ይላል። «ፖርታሜንቶ» የሚባለው ደግሞ አንዱን ድምፅ ወደ ሌላው ያንሸራትተዋል። ይህም በልክ ይሁን፤ ከበዛ መሲንቆው የአምቡላንስ ጩኸት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ሉፕ ነው። ሳምፕል ማለት ከእውነተኛው መሣሪያ የተቀዳ አጭር ድምፅ ነው። የተቀዳው 2 ሴኮንድ ሆኖ ዘፋኙ 8 ሴኮንድ ቢያስረዝም፥ ኪቦርዱ ከድምፁ አንዱን ክፍል ይመላልሰዋል፤ ይኸው ነው ሉፕ። ደጋኑ ጭራውን ሲጀምር የሚሰማው ፍቅፍቅታ ከሉፑ ውጭ ይቅር፤ አለዚያ በየዙሩ ይደገማል። የሉፑ መነሻና መድረሻም የድምፁ ሞገድ ዜሮን በሚያቋርጥበት ስፍራ ካልተገጣጠሙ «ጠቅ፥ ጠቅ» የሚል ይሰማል። «ክሮስፌድ» የተባለው ማስተካከያ ሁለቱን ጫፎች እያቀላቀለ ስፌቱን ይሸፍናል። ክራር ግን ተመትቶ የሚከስም ስለ ሆነ ያለ ሉፕ ቢተው ይሻላል።

ደግሞም አንድ ሳምፕል አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የተጫዋቹ የጣት ንዝረትም አብሮ ይጣደፋል። ስለዚህ በየሦስት ወይም በየአራት ቁልፉ ሌላ ሳምፕል መቅዳት ይበጃል።

አንድ ሰው ብቻውን ከመሣሪያ ጋር ምን ሊሠራ እንደሚችል አቶ ኃይሉ መርጊያ አሳይተዋል። በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሺንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከምት መሣሪያ ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀዱ፤ ይህም በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ። ምቱን ለመሣሪያ ቢተዉም ዜማውን የያዙት በገዛ እጃቸው ነበር።

እንግዲህ ወጣቱ ሙዚቀኛ ከቁልፎቹ በፊት ወደ አንድ የመሲንቆ ተጫዋች ቀርቦ ይቀመጥ። ደጋኑ የት እንደሚዞር፥ ዘፋኙ ሲተነፍስ መሲንቆው እንዴት እንደሚጠብቀው ያዳምጥ። ሲቀዳም ባለሙያውን አስፈቅዶ፥ የድካሙንም ዋጋ ከፍሎ ይሁን። የሚደጋገመው ያ ድምፅ የአንድ ሰው እንጀራ ነውና።